ዙህራ የምትተረጉመው ቴሌቪዥን

«ወደ ላይ! ትንሽ ወደ ላይ! ጓለይ፣ ልጄ፣ መስታወቱን ነው ያልኩሽ፣ አገጭሽን አይደለም!»

ኣዜብ መስታወቱን አንድ ጣት ያህል ከፍ አደረገችው። አባቷ ኣስፍሃ ከቴሌቪዥኑ ኋላ ተወሽቆ ከጸጉሩ ጫፍ በቀር የሚታይ ነገር አልነበረውም።

ቴሌቪዥን የሚጠግን ሰው አንድ የማይፈታ ችግር አለበት፤ የሚነካካው ከኋላ ነው፣ ስዕሉ የሚታየው ከፊት። ስለዚህ አንድ ሰው ከስክሪኑ ፊት ቆሞ መስታወት ይይዝለታል፤ ባለሙያው ከኋላ አንገቱን አስግጎ የእጁን ሥራ በመስታወቱ ውስጥ ያያል። በ1962 ዓ.ም. በመላው አስመራ፣ ኧረ ከቀይ ባሕር ወዲህ ባለው ዓለም ሁሉ፣ ኣዜብን የሚያህል መስታወት ያዥ አልተፈጠረም። ገና አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ግን ሐውልት ደክሞት እስኪቀመጥ ድረስ ክንዷን ሳታጥፍ መቆም ትችላለች። ዛሬ ግን ስክሪኑ ላይ የምታየው ነገር አላማራትም።

ምንም አይታይም ማለት ይቻላል። ባርኔጣ ያደረገ አሜሪካዊ ፈረስ ላይ ተቀምጧል፤ ባርኔጣው፣ ሰውየውና ፈረሱ ግን በአንድ ወፍጮ ተፈጭተው አመድ የሆኑ ይመስላሉ።

«ቴክኒኮ!» ብሎ ባለሙያውን ጠራ ተመልሶ የተባለው ሰው ከኋላ ወንበር። ተመልሶ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ድምፁ ከአውቶቡሱ ጥሩምባ ይበልጣል፤ እሱ ሲስቅ ፌርማታ ላይ የቆመ ሰው አውቶቡስ የመጣለት መስሎት እጁን ያነሳል። «እኔ የምለው፣ ያ ነገር ሰው ነው ወይስ ድንች?»

ሻሂ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ከቴሌቪዥኑ በላይ የተሰቀለው የጃንሆይ ፎቶ ሳይቀር የተነቃነቀ መሰለ።

«ዋእ! ኣንታ ተመልሶ!» ኣስፍሃ ግንባሩ ላይ የሸረሪት ድር እንዳለ ከኋላ ብቅ አለ። «ማንን እያናገርክ እንደሆነ ታውቃለህ? ሌላው ተስፋ የቆረጠበትን ሳጥን ሁሉ በዚህ ጣት ያስነሳሁ ሰው ነኝ! ነገ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ኑ። የፀሐይ መነጽር የሌለው እንዳይመጣ፤ ዓይኑ ቢጠፋ እኔ የለሁበትም። አሥር ዓመት ዋስትና ሰጥቻለሁ። አሥር!» ብሎ አሥር ጣቶቹን ዘረጋ።

የሻሂ ቤቱ ባለቤት ሻዕባን በራዱን እንደያዘ ቆሞ ነበር። «ወላሂ፣ ጋሽ ኣስፍሃ» አለ በለስላሳው የወሎ አነጋገሩ፣ «አሥሩ ቀርቶብኝ ዘንድሮን ብቻ ባሻገሩኝ።»

ሴት ልጁ ዙህራ ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆማለች። የኣስፍሃን አሥር ጣቶች አይታ ዘልላ አጨበጨበች። ቃሉን አልሰማችም። ዙህራ ምንም አትሰማም።

ሦስት ዓመቷ ሳለ ኮምቦልቻ አጠገብ አንድ ትኩሳት መጥቶ ጆሮዋን ይዞባት ሄደ፤ ምላሷም ጆሮዋን ተከትሎ ቀረ። አባቷ ሥራ ፍለጋ አስመራ ገብቶ ገዛ ባንዳ ሰፈር ውስጥ ሻሂ ቤት ሲከፍት እሷ ብርጭቆ አጣቢ ሆነች። ደንበኞቹ «ዲዳዋ» ይሏታል። ሻሂ የፈለገ ሰው ጠረጴዛውን ይደበድባል፤ እሷ በእግሯ ሥር የወለሉ ንዝረት ሲሰማት ዞር ትላለች። ከዚያ በላይ የሚያናግራት አልነበረም፤ ከኣዜብ በቀር። ኣዜብ አባቷን ለመጥራት በመጣች ቁጥር ከጓሮ ተቀምጠው በእጃቸው ወሬ ይሠሩ ነበር። ሁለቱ የፈጠሩት ቋንቋ ብዛቱ ሌላ ነው፤ ለኣስፍሃ ብቻ አራት ስም አለው፣ አራቱም ደረት መንፋት ያለባቸው።

የዛሬ ሁለት ዓመት ግን ዙህራ ልትሄድ ነበር። የሻዕባን እህት ረሒማ «ልጅቷ እዚያ ከተማ ውስጥ ምን ትሠራለች? ላካት፣ ለእኔ ውሃ ትቀዳለች» ብላ ከወሎ ጻፈች። ሻዕባን አለቀሰ፤ ቢሆንም ለአንዲት ዲዳ ልጅ አስመራ ላይ የሚታየው ነገር አልነበረም። የምትሄድበት ሳምንት ተቆረጠ።

ያን ሰሞን ነው ቴሌቪዥኑ የገባው። አንድ ወደ አገሩ የሚመለስ የቃኘው ጦር ሰፈር አሜሪካዊ ለሻዕባን ሸጠለት። ሳጥኑ ክብደቱ ለጉድ ነው፤ የተሸከሙት አራት ሰዎች ከዚያን ቀን ወዲህ ቁመታቸው እንዳጠረ ገዛ ባንዳ ሁሉ ይመሰክራል። ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ከአሜሪካኖቹ ጣቢያ ስዕል ይይዛል። ችግሩ ንግግሩ ነው፤ ፈረስ የሚጋልበውም፣ ሚስቱን የሚስመውም፣ ዜና የሚያወራውም ቡልቅ ቡልቅ ባለ እንግሊዝኛ ነው። የመጀመሪያው ቀን አርባ ሰው ተሰብስቦ አርባ ትርጉም ሰጠ። «ወንድሟ ነው!» «ባሏ ነው!» እየተባለ ሁለት ወንበር ተሰበረ።

ያኔ ዙህራ ትሪዋን አስቀምጣ ከስክሪኑ ጎን ቆመች። ቃል የማትሰማ ሰው ፊት ታነባለች፤ ዙህራ ደግሞ ፊት ታነብ የነበረው ሌላው ሰው ጋዜጣ እንደሚያነበው ነው። ጣቷን ወደ ባለ ባርኔጣው ቀስራ አንገቷን ሰበረች፤ ዓይኗን ወደ ጎን ሰረቀች፤ ይዋሻል ማለቷ ነው። ሴትየዋን አሳየችና ደረቷን ጨምቃ ጀርባዋን ሰጠች፤ ትወደዋለች ግን አታምነውም። ሽማግሌው? እጇን ካፖርት ውስጥ ከተተች፤ አንድ ነገር ደብቋል። ከሩብ ሰዓት በኋላ ሽማግሌው ከካፖርቱ ሽጉጥ ሲያወጣ አርባው ሰው በአንድ ድምፅ ጮኸ። ሽጉጡን አይቶ የጮኸ የለም፤ ሁሉም ያየው ዙህራን ነበር።

ከዚያ በኋላ ሰው የሚመጣው ቴሌቪዥን ለማየት ነው ወይስ ዙህራን ለማየት፣ ማንም ለይቶ አልነገረም። በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ አስመራ በጣሊያንኛ ታዘዘች፣ በእንግሊዝኛ ታዘዘች፣ በትግርኛ ጻፈች፣ አሁን ደግሞ ልጆቿ በአማርኛ ካልሆነ ፈተና አያልፉም። የዙህራን ቋንቋ ግን ማንም ያዘዘው አልነበረም፤ ለዚህ ይሆናል ሰው ሁሉ በአንድ ሳምንት የገባው። «ዲዳዋ» የሚለው ስም ጠፍቶ «አስተርጓሚያችን» ተባለች። ሻዕባን ለእህቱ «ዙህራ ሥራ ይዛለች» ብሎ ጻፈላት።

እንግዲህ ያ ስክሪን ነው አመድ የሆነው።

አባትና ልጅ ገጀረት ወዳለው ቤታቸው በእግራቸው ሲመለሱ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር። ኣስፍሃ የመሣሪያ ሳጥኑን፣ ኣዜብ መስታወቱን ይዘዋል።

«ኣቦይ፣ የስክሪኑ ቱቦ ምን ሆኗል?»

«ምንም አልሆነም።»

«ኣቦይ።»

ኣስፍሃ ሲጨንቀው የሚሸሸው ወደ ድሮ ታሪክ ነው። «ቱቦ አልሽ? ድሮ ቱቦ ማለት አንቺ የምታውቂው አልነበረም እኮ! የመጀመሪያዎቹ ስክሪኖች እንደ ሰሓን ክብ ነበሩ። የሰው ጆሮና ጆሮ ይቆረጥ ነበር። ሌላው ደግሞ አረንጓዴ ብቻ ነበር፣ ሰማይ ላይ አውሮፕላን የሚያሳድዱበት። አሁን አራት ማዕዘን ሆነ። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ቤት የሚያክል የሒሳብ ማሽን አላቸው፣ ኮምፒዩተር የሚሉት፤ እሱን ከስክሪን ጋር አጋብተውታል አሉ። ሰውየው እንደ ጽሕፈት መኪና ይመታል፣ ፊደሉ ወረቀት ላይ አይወጣም፣ ብርጭቆው ላይ በብርሃን ይጻፋል። ታያለሽ፣ አንድ ቀን በየጠረጴዛው ላይ...»

«የሻዕባን ቱቦ ምን ሆኗል?»

ኣስፍሃ ቆመ። ሳጥኑን መሬት አስቀመጠ። ሲናገር ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ ነበር።

«ሞቷል፣ ጓለይ። ቀብሩ ነው የቀረው።»

ከዚያ ነገራት። በቱቦው አንገት ውስጥ ከምስር የማትበልጥ ቆብ አለች፤ ነጭ ነገር ተቀብታለች። ከሥሯ ቀጭን ክር ይግላል። ቆቧ ስትሞቅ ኤሌክትሮን ትተፋለች፤ የተተፋው አየር በሌለበት ብርጭቆ ውስጥ ሮጦ ከስክሪኑ ጀርባ የተቀባውን ዱቄት ሲመታው የተመታው ነጥብ ያበራል።

«አንድ ነጥብ ብቻ ነው» አለ ጣቱን አቁሞ። «ፈረሱም፣ ባርኔጣውም፣ ተራራውም አንድ ነጥብ ነው። አንገቱ ላይ ያለው ማግኔት ነጥቧን ከግራ ወደ ቀኝ ይነዳታል፤ አምስት መቶ ሃያ አምስት መስመር፣ በሴኮንድ ሠላሳ ጊዜ። ዓይናችን ሞኝ ስለሆነ ሙሉ ሰው ያየ ይመስለዋል። አሁን የቆቧ ነጭ ቀለም አልቋል። የምትተፋው የላትም።»

«ታዲያ ነገ ምን ሊያደርጉ ነው?»

«ክሩ በስድስት ቮልት ነው የሚሞቀው። ትንሽ ትራንስፎርመር አስገባበታለሁ፤ ስምንት ይሆናል። ቆቧ የቀራትን ሁሉ አንድ ላይ ትተፋለች። አዲስ ይመስላል። ከአዲስ ይበልጣል!» ለአፍታ የድሮው ኣስፍሃ ተመለሰና ወዲያው ጠፋ። «ከዚያ ያልቃል።»

«መቼ?»

«ሦስት ሳምንት። እግዚኣብሄር ከጨመረበት አንድ ወር።»

«ካልነኩትስ?»

«እንዲሁ እየደበዘዘ አንድ ዓመት ይገፋ ይሆናል። ግን ድንች ለማየት ሻሂ የሚጠጣ ማነው?»

አዲስ ቱቦ አስመራ ውስጥ አይገኝም፤ ይሄን መጠየቅ አላስፈለጋትም። «አሥር ዓመት ብለዋቸዋል እኮ» አለች።

«ምን ልበል? ኣስፍሃ አቃተው ልበል? በዋናው መንገድ ላይ ከጣሊያን ወረቀት ያለው ቴክኒኮ ሱቅ ከፍቷል። እኔ ወረቀት የለኝም፤ ያለኝ ስሜ ብቻ ነው።» ሳጥኑን አነሳ። «ለዙህራ እንዳትነግሪያት። ሰማሽ?»

ኣዜብ ሰምታለች። መስታወቱን ደረቷ ላይ አቅፋ እስከ ቤት ተከተለችው።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ሻሂ ቤት ሄደች። ዙህራ ከጓሮ ብርጭቆ እያደረቀች ነበር። ቢጫ ሻሽ አስራለች፤ እጆቿን ቅባት ቀብታለች፤ ዛሬ የሚያበሩ እጆች ያስፈልጋሉ። ኣዜብን ስታይ ብርጭቆውን አስቀምጣ አሥር ጣቶቿን ዘረጋች። ከዚያ ጡት እንዳላት፣ ወገቧ እንደሰፋ፣ ልጅ እንዳዘለች አስመስላ በጓሮው ተንጎራደደች። ከአሥር ዓመት በኋላ እኔ ሃያ አምስት ዓመቴ ነው፣ ትልቅ ሴት እሆናለሁ፣ አሁንም እዚህ ነኝ፣ ማለቷ ነበር። በራሷ ስትስቅ ትከሻዋ ተርገፈገፈ።

ኣዜብ ስለ ነጯ ቆብ ልትነግራት እጇን አነሳች። እጇ አየር ላይ ቀረ። የዙህራን ፊት አየች፣ የቀባችውን እጅ አየች፣ ቢጫውን ሻሽ አየች። ከዚያ አሥር ጣቶቿን መልሳ ዘረጋችላት።

አሥር።

በዚያች ሰዓት በአስመራ የነበረው ሰው ሁሉ ኃጢአቱን አንድ ላይ ቢከምር የእነዚያን አሥር ጣቶች ያህል አይከብድም ነበር።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ሻሂ ቤቱ ሞልቶ በር ላይ ፈሰሰ። ተመልሶ በእውነት የፀሐይ መነጽር አድርጎ መጥቷል። ሻዕባን ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል ሻሂ ሲቀዳ ግማሹን ሳህኑ ላይ ያፈሰዋል። ኣስፍሃ ከኋላ ገባ፤ ኣዜብ ጀርባዋን ለሰዉ ሰጥታ መስታወቱን በሁለት እጇ ስክሪኑ ፊት አነሳች፤ ዙህራ ከስክሪኑ ጎን ፊቷን ወደ ሰዉ አድርጋ ቆመች።

«ዝግጁ?» አለ ኣስፍሃ።

ጠቅ አለ።

መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ከዚያ ብርሃኑ መጣ፤ ሲመጣ ግን እንደ ጎርፍ ነው! የባለ ባርኔጣው ጥርስ ተቆጠረ። የፈረሱ ሽፋሽፍት ተቆጠረ። ከተራራው ጫፍ ላይ ያለው በረዶ እዚያው ገዛ ባንዳ ውስጥ ሰውን አበረደው። ሰዉ ተነስቶ አጨበጨበ፣ ተመልሶ «ዓይኔን! ዓይኔን!» እያለ መነጽሩን ያዘ፣ ሻዕባን በራዱን አቅፎ «አልሃምዱሊላህ» አለ። ኣስፍሃ ከኋላ፣ ማንም ሳያየው፣ ደረቱን ነፋ።

ዙህራ መሥራት ጀመረች። እንደዚያ ቀን ሠርታ አታውቅም። ሌባው እሷ ነበረች፣ የተሰረቀው እሷ ነበረች፣ ፈረሱ እንኳ እሷ ነበረች። ሰዉ ከሳቅ ወደ ጸጥታ፣ ከጸጥታ ወደ ጩኸት ይመላለሳል። ኣዜብ ግን ስክሪኑ በደመቀ ቁጥር የምታየው ሌላ ነገር ነው፤ ምስር የምታክለውን ቆብ ታያለች፤ የቀራትን ስትተፋ፣ ስትተፋ፣ ስትተፋ።

የሰዉ ዓይን የኣዜብን ጀርባ ብቻ ያያል። ፊቷን ማየት የምትችል አንዲት ሰው ብቻ ነበረች፤ እሷም በመላው አስመራ ፊት በማንበብ የሚስተካከላት የላትም።

ዙህራ ባለ ባርኔጣውን እያሳየች በመሃል ዞር አለች። ኣዜብን አየቻት። የዙህራ እጅ አየር ላይ ቆመ።

«ምነው? ምን አለ? ቀጥዪ እንጂ!» አለ ሰዉ።

ዙህራ አልቀጠለችም። አገጯን ወደ ኣዜብ ወዝወዝ አደረገች። ምን ሆነሻል?

ኣዜብ ራሷን ነቀነቀች። ምንም።

ዙህራ አንገቷን ሰበረች፤ ዓይኗን ወደ ጎን ሰረቀች። ለባለ ባርኔጣው የምታደርገውን ያንኑ ምልክት፣ ይዋሻል የምትልበትን፣ ለኣዜብ አደረገችላት።

ኣዜብ መስታወቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው።

«ስዕሉ የት ሄደ?» አለ ኣስፍሃ ከኋላ። «ጓለይ! መስታወቱ!»

አልመለሰችለትም። ሁለት እጆቿ ነጻ ወጥተዋል፤ ሰዉ ከጀርባዋ የክርኗን መወዛወዝ ብቻ ያያል። ጣቷን አቆመች፤ ይህ ክሩ ነው። በላዩ ጡጫዋን አደረገች፤ ይህች ቆቧ ናት። ጡጫዋ ነጠብጣብ ሲረጭ፣ ነጠብጣቡ ግድግዳ ሲመታ፣ ግድግዳው ሲበራ አሳየቻት። እንደ አባቷ ደረቷን ነፋች፤ እሳቱን ጨመረ። ጡጫዋ በኃይል ረጨ፣ ረጨ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ተከፈተ። ውስጡ ባዶ ነበር። ሠላሳ ጣት ቆጠረችላት። አሥር፣ አሥር፣ አሥር። ይህ ዓመት አይደለም፣ ቀን ነው፤ ፀሐይ ወጥታ ስትጠልቅ በክንዷ አሳየች።

ዙህራ በእጇ ጠየቀች፤ እሳቱ ባይጨመርስ?

ደብዛዛ። ግን ዓመት።

ዙህራ ወደ ስክሪኑ ዞረች። ባለ ባርኔጣው እንደ ቀትር ፀሐይ ያበራል። የቀባችውን እጇን ብርጭቆው ላይ አሳረፈችና እንደታመመ ሰው ግንባር ዳሰሰችው። ከዚያ መዳፏን ወደ መሬት አድርጋ ቀስ እያለች ዝቅ አደረገችው። ቀንሱት።

አሁን ድምፅ ያስፈልግ ነበር፤ ድምፅ ያላት ደግሞ ኣዜብ ብቻ ናት።

«ኣቦይ» አለች። ድምፏ ከመጠጥ ብርጭቆ ግርጌ የሚወጣ ይመስላል። «ይመልሱት። በዚህ ዓይነት ወር አይቆይም። ዙህራ ቀንሱት ብላለች።»

ሻሂ ቤት ውስጥ ያለ ብርጭቆ ሁሉ አንድ ላይ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ።

«ወር?» አለ ሻዕባን። «የምን ወር?»

ኣስፍሃ ከቴሌቪዥኑ ኋላ አልወጣም። የጸጉሩ ጫፍ ብቻ ይታያል፤ እሱም አይንቀሳቀስም።

«ቴክኒኮ» አለ ተመልሶ መነጽሩን እያወለቀ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። «አሥር ዓመት አላልክም?»

ከቴሌቪዥኑ ኋላ ጠቅ አለ። ብርሃኑ ሄደ። የፈረሱ ሽፋሽፍት ሄደ፣ በረዶው ሄደ፣ ሰውየውና ፈረሱ ተመልሰው አመድ ሆኑ።

«ቀድመው ቢነግሩኝ ምን ነበረበት፣ ጋሽ ኣስፍሃ?» አለ ሻዕባን። ቁጣ አልነበረበትም፤ ለዚህ ነው ኣዜብን የወጋት።

ዙህራ ሮጣ መስኮቶቹን ዘጋች። በሩ ላይ ብርድ ልብስ ሰቀለች። ቤቱ ሲጨልም አመዱ ውስጥ ያለው ሰውዬ ትንሽ ትንሽ መታየት ጀመረ፤ እውነትም በጨለማ ይታያል። ደስ ብሏት ወደ ቦታዋ ተመለሰችና እጆቿን አነሳች።

«አይታይም!» አለ አንዱ።

«ስዕሉ ይታያል እኮ።»

«ስዕሉን አላልኩም! እጇ አይታይም! ምን እንደምትል በምን እንወቅ?»

ስዕሉ እንዲታይ ቤቱ መጨለም አለበት፤ ቤቱ ከጨለመ ዙህራ አትታይም። ይህን ኣዜብም አላሰበችውም፣ ዙህራም አላሰበችውም። ወንበር ተንጓጓ። ብርድ ልብሱ ተገለጠ፣ ተዘጋ፣ ተገለጠ። ዙህራ ሰዉ ሲወጣ የወለሉ ንዝረት በእግሯ ይሰማት ነበር። እጆቿ ቀስ ብለው ወረዱ።

ኣስፍሃ ወደ ገጀረት ሲመለስ አሥር እርምጃ ከፊት ነበር። መስታወቱንም ራሱ ያዘው።

በማግስቱ ኣስፍሃ ዓዲ ኣበይቶ በሚባለው መንደር የሚጠገን ቴሌቪዥን ነበረው። ኣዜብን አልጠራትም። መስታወቱን ወንበር ላይ አስደግፎ መሥራት እንደሚችል ለእናቷ ሲናገር ሰማችው፤ ኣዜብ እንድትሰማው ከፍ አድርጎ ነው የተናገረው። እሷ ደብተሯን ከፈተች። አንድ መስመር ሳታነብ ዘጋችው።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ገዛ ባንዳ ደረሰች። ብርድ ልብሱን ገልጣ ስትገባ ዓይኗ እስኪለምድ ድረስ ሰው የለም ብላ ነበር። አምስት ሰዎች አሉ። ተመልሶ የለም። ሻዕባን ጥግ ላይ ከኩራዝ አጠገብ ተቀምጦ ደብዳቤ ይጽፋል፤ ለማን እንደሚጽፍ አልጠየቀችውም፤ እሱም ቀና ብሎ አላያትም። ዙህራ ከስክሪኑ ጎን ቆማለች፤ እጆቿን ከሽርጧ ሥር ደብቃለች። ቢጫው ሻሽ አልነበረም።

ስክሪኑ ላይ ሁለት ጥላዎች ይጨቃጨቁ ነበር።

ኣዜብ በወንበሮቹ መካከል አልፋ ዙህራ እግር ሥር፣ መሬት ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ቦታ ከስክሪኑ የሚወጣው ጭላንጭል የዙህራን እጆች ቢያንስ ለአንድ ሰው ያሳያል። የሽርጧን ጫፍ ሳብ አደረገቻት። ዙህራ ወደ ታች አየች፤ ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም። ኣዜብ ጠበቀች። ብዙ ጠበቀች።

አንደኛው እጅ ከሽርጡ ሥር ወጣ።

ኣዜብ እስከ ዛሬ እዚያ ቤት ውስጥ ለሰዉ ጀርባዋን ሰጥታ ነው የቆመችው። አሁን ትከሻዋን ወደ ጨለማው አዞረች፣ ዓይኗን ግን ከእጁ አልነቀለችም።

«ሴትየዋ» አለች፣ እጁ የነገራትን ለሰዉ። ድምፏ ቀጭን ነበር፣ ትግርኛው ከአማርኛው ጋር ይደነቃቀፋል። «ሴትየዋ... ትቀመጥ ወይስ ትሂድ ገና አልወሰነችም።»

ከአምስቱ አንዱ ወንበሩን አንድ ክንድ ያህል ወደ ፊት ሳበው።